የሰው መኖሪያ ሰፈር በሰዓት ይዘጋል ወይ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክራችን ሴኡል ውስጥ ስላለው ቡክቾን ነው። በሁለት የድሮ ቤተ መንግሥቶች መሃል ያለ፣ ሃኖክ በሚባሉ ባህላዊ የኮሪያ ቤቶች የታወቀ ሰፈር ነው። ሰው ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2025 ጀምሮ ቱሪስት በሚበዛበት ክፍል ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ለጉብኝት የገባ 100,000 ዎን ይቀጣል። ትክክል ነው ትላላችሁ?

መንገደኛ፦ እኔ አልስማማም። መንገዱ የሕዝብ ነው። የሴኡል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለቤቶቹ እድሳት የሰጠውም ገንዘብ የሕዝብ ነው። ደግሞ ሰፈሩ የሚያምረው አመሻሽ ላይ ነው፤ ፀሐይ ዘወር ስትል፣ ሰው ከሥራ ሲገባ። ማታ ማታ ሻይ የሚሸጡትስ ምን ይብሉ?

ጎረቤት፦ ወንድሜ፣ ራስህ መለስከው እኮ። ከሥራ የሚገባው ሰው የሚገባው ሊያርፍ ነው። እኔ ሴኡል ተምሬያለሁ፣ ሰፈሩን አውቀዋለሁ። የሃኖክ ክፍሎች ትንሽ ግቢ ከበው ነው የሚሠሩት። ጥግ ላይ አኩሪ አተር የሚብላላባቸው ጋኖች ይደረደራሉ። ወለሉ ከሥሩ ይሞቃል፤ ጫማህን አውልቀህ እዚያው ላይ ትቀመጣለህ። የድሮው መስኮት በእንጨት ፍርግርግ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ደጅ ላይ የሚስቅ ሰው እራት ከቀረበበት ድረስ ይሰማል። ቀይ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች «እባካችሁ ዝም በሉ» የሚል ሰሌዳ ይዘው ቆመው እንኳ፣ በር ገፋ አድርጎ የሚያይ አይጠፋም። የእድሳቱ ገንዘብ ጣራውን አደሰ እንጂ የሰዎቹን ማታ አልገዛም።

የቀበሌ ልጅ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሕጉ እዚያው ማረፊያ ይዞ የሚያድረውን እንግዳ አይነካም። ታዲያ ቤቶቹ አንድ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ከሆኑ፣ ነዋሪ የሚባለው ማን ሊሆን ነው? ሰዓቱ መዘጋቱን እደግፋለሁ። ግን ጋኑን የሚከድን፣ ደጁን የሚጠርግ ሰው ከሄደ የቀረው ጌጥ ነው። ነዋሪው እንዳይለቅ ካልተደረገ ሥራው ግማሽ ነው።

መንገደኛ፦ እህቴ፣ ይሄ ገብቶኛል። ማረፊያዎቹ ይገደቡ ካላችሁ አብሬያችሁ ነኝ። ቅጣቱ ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። ከሩቅ አገር መጥቶ ሕጉን ያልሰማ ሰውስ?

ጎረቤት፦ መግቢያው ላይ ተጽፎ ይነበባል። በዚያ ላይ በቀን ሰባት ሰዓት ክፍት ነው። አንተ ሰፈር ለማታውቀው ሰው በየቀኑ ሰባት ሰዓት ደጁን የሚከፍት አለ?