ለናይቫሻ ባስ ውዱን የላስቲክ ትል ልግዛ ወይስ ርካሹን?

የካዛንቺሱ ዘንግ (ጠያቂ)

ለተከበራችሁ ተሳታፊዎች ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በጥር መጨረሻ ወደ ኬንያ ተሻግረን በናይቫሻ ሐይቅ ላይ ባስ የተባለውን ዓሣ በዘንግ ለማጥመድ አስበናል። እስካሁን ያለን ልምድ ላንጋኖና ዝዋይ ላይ ቆሮሶና አምባዛ በትልና በሊጥ ከመያዝ ብዙም ያለፈ አይደለም፤ ስለዚህ ለስላሳ የላስቲክ ማባበያ የሚባለውን ነገር የምናውቀው በቪዲዮ ብቻ ነው። ከአምባሳደር እስከ ፒያሳ፣ ከዚያም አልፌ መርካቶ ድረስ ጠይቄ ያገኘሁት መንጠቆ፣ ናይለን ክርና ማስመጫ እርሳስ ብቻ ስለሆነ፣ ማባበያውን ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ለገና ስትመጣ ይዛልኝ እንድትመጣ ተስማምተናል። እህቴ ዓሣን የምታውቀው ሳህን ላይ ነውና የምትገዛውን በስምና በቀለም ለይቼ ልጽፍላት ይገባል።

ያስቸገረኝ ዋጋው ነው። ሴንኮ የሚባለው የጌሪ ያማሞቶ ኩባንያ ትል፣ አሥር ፍሬ የያዘው እሽግ፣ ወደ 8 ዶላር ይጠጋል፤ እንደ ዩም ዲንገር ያሉ፣ ላዩ ሲታይ ከእሱ የማይለዩ ትሎች ደግሞ በግማሹ ገደማ ይገኛሉ። ስም የሌላቸው በጅምላ የሚሸጡም አሉ። ዶላሩን ወደ ብር ስመልሰው ልዩነቱ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ገንዘቡ የሚከፈለው ለስሙ ነው፣ ወይስ ዓሣው ራሱ የሚያውቀው ልዩነት አለ? የሞከራችሁ ካላችሁ ምክንያቱን ጭምር ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

አራት ኪሎ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ቨርጂኒያ በኖርኩባቸው ዓመታት ፖቶማክ ወንዝ ላይ ሁለቱንም ዓይነት ስጠቀም ስለነበር ያየሁትን ልንገርዎ።

በመጀመሪያ የሁለቱም ጥሬ ዕቃ አንድ መሆኑን ይወቁ። ኒክ ክሬም የተባለው አሜሪካዊ በ1949 (በፈረንጆች አቆጣጠር) አክሮን፣ ኦሃዮ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን የላስቲክ ትሎች ከሠራ ወዲህ ሥራው በመሠረቱ አልተለወጠም። ፕላስቲሶል የሚባለው ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ ዱቄትና የማለስለሻ ፈሳሽ ድብልቅ ወደ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ይወፍራል፣ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ለስላሳ ላስቲክ ሆኖ ይወጣል። ልዩነቱን የሚያመጣው ማለስለሻው ምን ያህል ነው፣ ጨውስ ምን ያህል ገብቶበታል የሚለው ነው። ጨው ስንል ያው የወጥ ጨው ነው፤ ላስቲኩን ያከብደዋል፣ በዚያው መጠን ደግሞ ያሳሳዋል። ሴንኮ በጨው የታጨቀ ስለሆነ፣ ባለ 13 ሴንቲ ሜትሩ ያለ ምንም እርሳስ ወደ 10 ግራም ይመዝናል፤ በዚህም የተነሣ ራቅ ብሎ ይወረወራል፣ በራሱ ክብደትም ይሰምጣል። ቶሎ የሚቀደደውም በዚሁ በጨው ምክንያት ነው፤ ዓሣ የሚወደው ጠባይና ኪስዎን የሚጎዳው ጠባይ ከአንድ ምንጭ ይመጣሉ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ወዳጄን ለማሳመን ግልጽ የሆነ የሃያ ሊትር የውኃ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጬ፣ ውኃ ሞልቼ፣ ውዱንና ርካሹን ትል ወገባቸው ላይ መንጠቆ ሰክቼ ጎን ለጎን ለቀቅኋቸው። ጨው የበዛበት አግድም እንደተኛ ወረደ፤ ሁለቱም ጫፎቹ፣ ማንም ሳይነካቸው፣ በጣም በትንሹ ይርገበገቡ ነበር። ርካሹ በመንጠቆው ክብደት ወገቡ ጎብጦ፣ ጫፎቹ ወደ ላይ ቀርተው፣ ያለ እንቅስቃሴ ዘገየ። ባስ ብዙ ጊዜ ማባበያውን የሚወስደው ገና ሲወርድ ነው፤ አፉን በድንገት ከፍቶ ከውኃው ጋር ይስበዋል፣ ካልጣመው ደግሞ ወዲያው ይተፋዋል። ስለዚህ ያለ እርሳስ፣ ወገቡ ላይ ተሰክቶ በዝግታ ለሚወርድ ትል (ዋኪ ሪግ ይሉታል) ውዱን ቢገዙ ገንዘብዎ ከንቱ አይቀርም፤ እዚያ ላይ ሥራውን የሚሠራው ላስቲኩ ብቻ ነውና።

በቴክሳስ ሪግ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጥይት መሰል እርሳስ ክሩ ላይ ይገባል፣ የመንጠቆው ጫፍ ተመልሶ ትሉ ገላ ውስጥ ይደበቃል፣ ከዚያ ቅጠልና ሥር መካከል ይወረወራል። የመስመጡን ፍጥነት የሚወስነው እርሳሱ ስለሆነ ጨው ኖረ አልኖረ የሚታይ ልዩነት የለውም፤ ጠንከር ያለው ርካሽ ላስቲክ እንዲያውም ራሱ ላይ ቶሎ ስለማይቀደድ ይበልጣል። በአጭሩ፣ እርሳስ በሌለበት ውዱን፣ እርሳስ ባለበት ርካሹን ይግዙ።

ናይሮቢ ተመላላሽ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ስለ ሐይቁ ማንም አልጠየቀም። በሥራዬ ምክንያት ናይሮቢ እመላለሳለሁ፤ ናይቫሻ ከዚያ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነኝ።

ባስ እንደምታውቁት የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው፤ ወደ ናይቫሻ የገባው ለመዝናኛ ማጥመድ ተብሎ በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በ1970 ደግሞ የዘር ሐረጓ ከሉዊዚያና የሚመዘዝ ቀይ ክሬይፊሽ (መቆንጠጫ ያላት፣ ሽሪምፕ የምትመስል የረግረግ እንስሳ) ወደ ሐይቁ ተለቀቀች፤ ባሱም አገሩ የለመደውን ምግብ ሰው አገር መጥቶ አገኘው። ስለዚህ ከቀጥተኛው ትል ይልቅ የክሬይፊሽ ቅርጽ ያለው ላስቲክ ይበልጥ ያዋጣል ብዬ አምናለሁ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የተስፋፋው ካርፕ የተባለ ዓሣ ታቹን ጭቃ እየቆፈረ ውኃውን ያደፈርሰዋል፤ በመረብ ከሚወጣውም ብዙው ካርፕ ስለሆነ፣ እንደ ቪዲዮዎቹ በየውርወራው ባስ እንደማይነክስ ከወዲሁ ልብ በሉ።

በደፈረሰ ውኃ ባሱ ማባበያውን የሚያገኘው ከማየት ይልቅ በጎኑ በኩል እንቅስቃሴውን በመስማት ነው። ያ ረቂቅ መርገብገብ፣ በጠራ የውኃ ጠርሙስ ውስጥ ያማረው ሁሉ፣ ጭቃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚታይ እጠራጠራለሁ። ጥቁር ከሰማያዊ ጋር የተቀላቀለ ቀለም፣ ውኃ የሚገፉ ትልልቅ መቆንጠጫዎች፣ ቅርብ ርቀት፤ የሚሠራው ይህ ነው። ባሱ የሚገኘው ደግሞ ፓፒረሱና እምቦጩ ጥግ ነው፣ እዚያ ያለ ቴክሳስ ሪግ መግባት አይቻልም፣ በየሰዓቱም የሚቀር ማባበያ አለ። በአንድ ውርወራ ሰማንያ ሳንቲም ሸምበቆ ውስጥ እየተዉ መመለስ ለእኔ አይዋጥልኝም። በእኔ አስተያየት ለናይቫሻ ውዱ ጨርሶ አያስፈልግም።

ሌላው፣ ሸምበቆው ውስጥ ጉማሬ አለና ጀልባ የሚነዳው ሰው ተጠጋ ሲላችሁ ተጠጉ፣ ራቅ ሲላችሁ ራቁ። የማጥመጃ ፈቃድ ሳትይዙም ውኃ ላይ አትውጡ። ኬንያ በፈረንጆች ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የገበያ ፌስታል ከልክላለች፤ ዕቃችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ አትሂዱ።

ቸርችል ጎዳና

ሁለቱም አስተያየት ሰጪዎች አዲስ አበባ ተቀምጠን የምንገዛ መሆናችንን የዘነጉት ይመስለኛል። አሜሪካ ያለ ሰው ሲያልቅበት ሱቅ ይሄዳል፤ እኛ ሲያልቅብን የሚቀጥለውን መንገደኛ እንጠብቃለን። ስለዚህ መመዘን ያለበት የእሽጉ ዋጋ ሳይሆን አንዱ ፍሬ ስንት ዓሣ ይችላል የሚለው ነው።

ከፒቪሲ ውጭ የሆነ ሦስተኛ አማራጭ አለ። ዚ-ማን የተባለው ድርጅት ኤላዝቴክ ብሎ የሚሸጠው ላስቲክ ቲፒኢ ከሚባለው፣ እንደ ጎማ ከሚለጠጠው የፕላስቲክ ወገን ነው፤ በእጅ ሲጎትቱት ከርዝመቱ ብዙ እጥፍ ይለጠጥና ይመለሳል፣ በዓሣ ጥርስ በቀላሉ አይቀደድም። ዋጋው ከውዶቹ ብዙም አይርቅም፤ ነገር ግን አንዱ ፍሬ የብዙዎቹን ሥራ ይሠራል። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ከተራው ላስቲክ ጋር በአንድ እሽግ ወይም በአንድ ሣጥን አይቀላቅሉት፤ ሁለቱ ሲነካኩ ይሟሟሉ፣ ተጣብቀው እንደ ሙጫ ይሆናሉ። ሁለተኛ፣ ስለሚለጠጥ መንጠቆው ላይ ይንሸራተታል፤ አንገቱ ላይ አንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ ያደርጉበታል። እህትዎ በመጣበት እሽግ ብቻ እንድትይዘው ይንገሯት።

አራት ኪሎ

ቸርችል ጎዳና ስለ ጥንካሬው ያሉትን እቀበላለሁ። ነገር ግን ቲፒኢ ጨው ካልተጨመረበት ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ያለ እርሳስ እየሰመጠ ይርገበገባል ተብሎ በሴንኮ ቦታ ሊተካ አይችልም። በአንጻሩ ናይሮቢ ተመላላሽ ለጠቀሱት ክሬይፊሽ ይህ መንሳፈፉ ሲሳይ ነው፦ ከባድ ራስ ባለው መንጠቆ ላይ ሲሰካ እርሳሱ ታች ይቀመጣል፣ መቆንጠጫዎቹ ግን ወደ ላይ ይነሣሉ፤ እውነተኛዋ ክሬይፊሽ ስትደነግጥ የምትይዘው አቋም ይኸው ነው።

ውዱ ለናይቫሻ ጨርሶ አያስፈልግም በሚለው ግን አልስማማም። ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ፣ ውኃው ረጋ ባለበት የሸምበቆ ዳር፣ ባሱ እርሳስ ሲወድቅ በሚሸሽበት ሰዓት፣ ድምፅ ሳያሰማ ውኃው ላይ አርፎ የሚወርድ ከባድ ትል ያስፈልጋል። ለዚያች ሰዓት ያህል ጥቂት ቢይዙ ምን ይጎዳል?

የካዛንቺሱ ዘንግ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሽ አራት ኪሎ፣ ሁለት ነገር ብቻ ላስቸግርዎ። ስም የሌላቸውን የጅምላ እሽጎች ጥሩነት በምን መለየት ይቻላል? የተረፈንስ ጫሞ ላይ ለናይል ፐርች ያገለግላል?

አራት ኪሎ

ስም የሌለውን እሽግ በእጅ ሳይነኩ መግዛት አልመክርም፤ የሚለየው በመዳሰስ ነውና። ትሉን በሁለት ጣት ይዘው ቢያጥፉት ወዲያው እጥፍ ማለት አለበት፤ እንደ ጎማ ጫማ ተረከዝ የሚመልስ ከሆነ፣ ዘንጉን ሲነቀንቁ የመንጠቆው ጫፍ ላስቲኩን በስቶ ወደ ዓሣው አፍ አይደርስም። ዓሣ ነክሶ፣ ክሩ ተወጥሮ፣ ከዚያ ባዶውን የሚመለስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሽታውም ይናገራል፤ እንደ አዲስ የፕላስቲክ ምንጣፍ የሚከረፋውን ይተዉት። እህትዎ ይህን ሁሉ እንድትመረምር መጠየቅ አግባብ ስላልሆነ፣ ስም ካላቸው ርካሾች እንድትገዛ ቢያደርጉ ይሻላል።

ለሦስት ሰው የሚከተለውን ይጻፉላት፦ ባለ 13 ሴንቲ ሜትር ሴንኮ ሁለት እሽግ፣ ግሪን ፓምፕኪን በሚባለው ቀለም፤ የክሬይፊሽ ቅርጽ ያለው ርካሽ ላስቲክ አራት እሽግ፣ ጥቁርና ሰማያዊ፤ ከኤላዝቴኩ ክሬይፊሽ አንድ እሽግ፤ ለዋኪ ሪግ ደግሞ የትሉን ወገብ የሚያቅፍ ትንሽ የጎማ ቀለበት። መንጠቆውን ላስቲኩን ሳይበሳ በቀለበቱ ሥር ካሳለፉት ሴንኮው እጅግ ይቆያል፣ የዋጋው ነገርም ይቀልልዎታል። ተራው መንጠቆ ከዚህ ሊገኝ ቢችልም፣ ለቴክሳስ ሪግ የሚሆነው አንገቱ የታጠፈ ሰፊ መንጠቆ፣ ቁጥር 3/0፣ ከዚያው ቢመጣ ይሻላል።

የተቀደደውን አይጣሉ። ሁለቱን የተቀደዱ ጎኖች በክብሪት መለኮሻ ነበልባል ጫፍ ለቅጽበት አሙቀው ቢያጋጥሟቸው እንደገና ይያያዛሉ፤ ጭሱ ግን ለጤና ጥሩ ስላልሆነ ደጅ ይሥሩት። ሻንጣ ውስጥ ተጨፍልቆ የጎበጠውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረው ዝርግ ሳህን ላይ ቢያስተኙት ይቃናል። ሐይቁ ላይ የወለቀውን ደግሞ ኪስዎ ይክተቱት፤ ፒቪሲ አይበሰብስም፣ ዓሣም ይውጠዋል።

ስለ ጫሞ፣ ናይል ፐርች ዓሣ በል ስለሆነ ትሉንም ክሬይፊሹንም ብዙ አይፈልገውም። እጅ መዳፍ የሚያህል፣ ጅራቱ እንደ መቅዘፊያ የሚመታ የዓሣ ቅርጽ ላስቲክ ነው የሚሻለው። ለእሱ ደግሞ ርካሹን ይግዙ፤ እንዲህ ያለ አፍ ያለው ዓሣ ውዱንም ርካሹንም እኩል ይዘነጥለዋል።