ተግባር ልምምድ ይቅር ወይስ ይራዘም?

የማራኪው፦ እህቴ ዘንድሮ በአካውንቲንግ ትመረቃለች። ለተግባር ልምምድ ተብላ ሁለት ወር አንድ መሥሪያ ቤት ተመድባ ነበር፤ የለመደችው ነገር ቢኖር ፎቶኮፒ ማሽን ነው። ሎግቡኩን (በየቀኑ የሠራችውን የምትጽፍበትን መዝገብ) በመጨረሻው ማታ ከጓደኛዋ ገልብጣ አስፈረመች፣ ኤ አገኘች። ይሄ ነገር ቀርቶ ክፍል ውስጥ በደንብ ቢማሩ አይሻልም?

ነርሷ፦ ኧረ ወንድሜ፣ ጎንደር ተቀምጠህ! የጤና ኮሌጁ በፈረንጆች 1954 የተከፈተው እኮ ደንቢያ ላይ ወባ ሰው ከጨረሰ በኋላ ነው። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒታሪያኑ (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው) በቡድን ጤና ጣቢያ ወርደው ነው የተማሩት። እኔም ለልምምድ ቆላ ድባ ወጥቼ በሁለተኛው ቀን የአንዲት እናት ደም ግፊት ለካሁ፣ ሰማይ ነካ። ቤቱን አተራመስኩት። ለካ መለኪያውን የጠቀለልኩት በወፍራም ሹራባቸው ላይ ነው! ክንዱ ባዶ መሆን እንዳለበት ፈተና ላይ መልሼዋለሁ እኮ። ማታ መምህራችን ሰብስቦን "እስኪ ምን ሆነ?" ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የማራኪው፦ አንቺን የጠየቀሽ ሰው ነበረ። እህቴን ማን ጠየቃት?

የአዘዞው መካኒክ፦ እሱ ነው ነገሩ። ጋራዥ አምስት ዓመት የሠራ ልጅ አለኝ። ባጃጅ አልነሳ ካለች ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረውን) ይቀይራል፣ ትነሳለች፣ በሳምንቱ ተጎትታ ትመጣለች። ካንዴላው ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል ወይ የአየር ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ዘይት ካረጠበው ደግሞ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። እሱ አሮጌውን አይቶት አያውቅም፣ ይወረውረዋል። አሁን ለምን እንደጠቆረ ሳይነግረኝ አዲስ አልሰጠውም። ሰሞኑን አኩርፏል።

የቆሎ ተማሪ የነበረ፦ ይሄማ የቅኔ ቤት ወግ ነው። ቀን ቅኔ ስንቆጥር፣ ማለት ስንደርስ፣ እንውልና ማታ ለየኔታ እንነግራለን። "ይህን ለምን አልህ?" ይላሉ። ዝም ካልህ ነገ እንደገና ነው።

የማራኪው፦ ጋሼ መካኒኩ፣ እርስዎ ያለዎት አንድ ልጅ ነው። 60 ተማሪ የያዘ መምህር ማታ ማታ ማንን ጠይቆ ይዘልቃል?

ነርሷ፦ እሱስ እውነት ነው፣ እኛ ስድስት ነበርን። ግን ሎግቡኩ "ምን ሠራሽ" ከሚል "የቱ ጋ ተሳሳትሽ" ቢል እንኳ መገልበጡ ይከብዳል።

የማራኪው፦ እህቴን አታውቂያትም። ስህተትም ትገለብጣለች።