የሌሊቱ 8 ሰዓት ሞርፊን

የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ የፕሮስቴት ካንሰሩ ወደ አጥንት ተሰራጭቶባቸዋል። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ አልበቃ ሲላቸው ደሴ ያሉት ሐኪማቸው እሱን አስቁመው ከእሱ የሚበረታ ማስታገሻ፣ የሚጠጣ ሞርፊን አዘዙላቸው፤ 5 ሚሊ ግራም በየ4 ሰዓቱ፣ ለሆድ ድርቀቱ ደግሞ ማታ ማታ ቢሳኮዲል። የኩላሊት ምርመራቸው ደህና ነው። ሌላ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት አይወስዱም፤ አልኮል ከቤታችን ደርሶ አያውቅም። የምለካው መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ነው፣ ጠርሙሱም ይቆለፍበታል።

ቀን ላይ ደህና ናቸው። ተቀምጠው ይሰግዳሉ፣ ቡና ሲፈላ ከሰው ጋር ይጫወታሉ። ችግሩ ሌሊት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከወሰዱ በኋላ ቀጣዩ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይውላል። ከቀሰቀስኳቸው ተመልሶ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ ይነቃሉ፣ የጠዋቱ መድኃኒት እስኪሠራም ይሰቃያሉ። አተነፋፈሳቸው የተረጋጋ ነው፤ ሲጠሩ ወዲያው ይሰማሉ።

ጎረቤቶች «ሱስ ይሆንባቸዋል፣ ተዪው» ይሉኛል። እነሱ አባቴን ሌሊት ሲያቃስቱ አልሰሟቸውም። በራሴ ግን አንዲት ጠብታ አልጨምርም፤ ቀጠሯችን ገና ስለሆነ ወደ ሐኪሙ ልደውል ነው።

በማስታገሻ ሕክምና የሠራችሁ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች፣ አባቴ ሌሊቱን ሳይቀሰቀሱና ሳይታመሙ እንዲያድሩ የማታውን አወሳሰድ በምን መልክ እንዲያስተካክሉልን ሐኪሙን ልጠይቃቸው?