ኮርሳዬ ጉድ ሠራችኝ፣ እስከ ነገ መወሰን አለብኝ፤ የቱን ሳይክል ልግዛ?

የጀሞው ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ጠዋት ኮርሳዬ፣ ባለ ቀጭን ጎማዋ የእሽቅድምድም ሳይክሌ፣ ኮብልስቶን ላይ ጉድጓድ ገባችና የፊት ቸርኬዋ ስምንት ቁጥር መሰለ። ጎሚስታው አይቶ ሳቀብኝ። አሁን የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። አንድ ሻጭ ሁለት ሳይክል ይዞልኛል፣ ከነገ 6 ሰዓት በላይ ግን አልጠብቅም ብሏል። አንዱ ከፊትም ከመሐልም አሞርዛተር (ንዝረት የሚቀንስ ሞላ) ያለው ማውንቴን፣ የተራራ ሳይክል ነው። ሌላው ሃይብሪድ የሚሉት፣ የኮርሳና የማውንቴን ድብልቅ፣ መሪው ቀጥ ያለ። የቱ ይሻላል? ቶሎ በሉ!

ማርሽ ቀያሪ፦ ማውንቴን። አለቀ።

ጋሽ ፔዳል፦ ልጄ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ሳይክል ነጂ የላክን ሀገር ነን። የዛሬ ልጅ ግን ቀለሙን አይቶ ይገዛል። የት የት ነው የምትነዳው? ቁመትህስ? ይህን ሳትነግረን ምን እንበልህ? መጀመሪያ ፍሬሙን በእግርህ መሐል አድርገህ ቁም። ብረቱና ብልትህ ከተነካኩ ትልቅ ነው፣ ተወው። ቀጥሎ ኮርቻው ላይ ውጣና ተረከዝህን ታች ባለው ፔዳል ላይ አድርግ። እግርህ ቀጥ ካለ ከፍታው ልክ ነው። ካልሆነ ጉልበትህን ትቀጣዋለህ፣ እኔን እይ።

ባሕር ዳሬ፦ ባሕር ዳር ና። እዚህ ማርሽ የሌለውም ይበቃሃል 😂

የጀሞው ልጅ፦ አለቃዬን ይዤ ልምጣ? ጋሼ ይቅርታ፣ ቁመቴ 1.72 ነው። ከጀሞ ሜክሲኮ ነው የምመላለሰው፣ በየቀኑ።

ሰንበት ነጂ፦ ቆይ፣ ለምን ሌላ ትገዛለህ? የኮርሳህ ጎማ 23 ሚሊ ሜትር ነው አይደል? ነፋስ መቼ ሞላህ? ቀጭን ጎማ ነፋሱ ሲጎድል ጉድጓዱ የሚመታው ቸርኬውን ነው። ጥፋቱ የሳይክሏ አይደለም። ቸርኬ ቀይር፣ ፍሬሟ ካስገባ ደግሞ 28 ጎማ አድርግባት፣ ገንዘብህን አስቀምጥ።

የጀሞው ልጅ፦ ነፋስ… ከፋሲካ በፊት መሰለኝ። ግን 41 ዓመቴ ነው ወንድሜ፣ ጎንበስ ብዬ ስነዳ አንገቴም ወገቤም አለቀ። ኮርሳ በቃኝ።

ማርሽ ቀያሪ፦ እኮ፣ ማውንቴን።

የለቡዋ፦ እኔም በዚያው መስመር ነው የምሄደው። የመሐል አሞርዛተር ያለውን አትንካው። ጠዋት ወደ ላይ ስትወጣ ፔዳል በረገጥክ ቁጥር ሳይክሉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጉልበትህን እሱ ይበላዋል። ርካሽ ከሆነ ደግሞ ትርፉ ክብደት ብቻ ነው። ሃይብሪዱን ያዝ፣ ግን ሳትከፍል ሁለት ነገር እይ። የጎማው ጎን ላይ 700 በ40 ዓይነት ቁጥር ይኖራል። ሁለተኛው ቁጥር ውፍረቱ ነው፣ ለኮብልስቶን ከ38 አይነስ። ከዚያ ኋላ ጎማ ላይ ያለውን የትልቁን ማርሽ ጥርሶች ቁጠር፣ አትፈር። 32 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። 28 ከሆነ ዳገቱ ላይ ወርደህ ትገፋዋለህ። ክረምቱ እየገባ ስለሆነ ጭቃ መከላከያም አስገጥምበት፣ እኔ አምና ጀርባዬ ላይ የጀሞን ጭቃ ይዤ ቢሮ ገብቻለሁ።

ሰንበት ነጂ፦ ጎማው የሚገኝ መሆኑን ጎሚስታህን ጠይቅ። ባለ 26 ኢንች ጎማ የትም አለ። የ700 ቸርኬ ልኩ ከባለ 29 ኢንቹ ጋር አንድ ነው፣ ሲጠፋ በዚያ ፈልግ።

ባሕር ዳሬ፦ ሻጩ ፊት ጥርስ ሲቆጥር ቪዲዮ ይቀረጽልን።

የጀሞው ልጅ፦ ታክሲ መጣ፣ ገባሁ። የለቡዋ ተባረኪ! ነገ ቆጥሬ እነግራችኋለሁ።

(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ጋሽ ፔዳል፦ ልጄ፣ ስንት ጥርስ ሆነ?

ማርሽ ቀያሪ፦ ማውንቴን ገዝቶ አፍሮ ነው ጋሼ።

ባሕር ዳሬ፦ ኮርሳዋን የሚሸጣት ከሆነ ፍሬሟን እኔ እፈልጋለሁ። የምሬን ነው።