የአባቴ ፒኤስኤ 11.4 ሆነ፤ ወዲያው ናሙና ይወሰድ?

የመምህሩ ልጅ፦
አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ሽንት ፈጽሞ እምቢ ብሏቸው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ወሰድናቸው፤ በቱቦ ወጣላቸውና እፎይ አሉ። በማግስቱ ቱቦው እንደገባ ደም ተወስዶ ፒኤስኤ (ከፕሮስቴት ዕጢ የሚመነጭ፣ በደም የሚለካ ፕሮቲን) 11.4 ሆነ። ወረቀቱ ከ4 በታች መሆን አለበት ይላል። ወንድሞቼ ካንሰር እንዳይሆን ነገውኑ ከፕሮስቴት ዕጢው በመርፌ ናሙና ይወሰድ ይላሉ። አባቴ ደግሞ ሐኪሙ ፕሮስቴቱን በፊንጢጣ በኩል «በጣት ልመርምርዎ» ሲላቸው «በዚህ ዕድሜዬ!» ብለው ተነሥተው ወጡ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
እኅቴ፣ ደሙ የተወሰደበትን ቀን ልብ በይ። ፒኤስኤን የሚያመነጨው ጤነኛው ፕሮስቴትም ነው። ሽንት ሲታገድ፣ ቱቦ ሲገባ፣ ኢንፌክሽን ሲኖር ይጨምራል። እንዲህ ባለ ቀን የተቀዳ ደም ሲመጣልኝ እቆጫለሁ፤ ቁጥሩን በትክክል አወጣለሁ፣ ቤተሰቡ ግን በከንቱ ይሸበራል። ኢንፌክሽን ካለ ይታከም፤ ቱቦው ከወጣ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ በዚያው ላቦራቶሪ ይደገም። መሣሪያ ሲለያይ ውጤትም ይለያያል። ፕሮስቴትን የሚያሳንሰውን ፊናስተራይድ የሚባል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ለወራት ሲወሰድ ፒኤስኤን በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ 3 የተባለው 6 ሊሆን ይችላል። የጀርባ አጥንት ሕመም ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት ካለ ግን መጠበቅ የለም።

ከሜሪላንድ፦
ልጄ፣ ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ የጣት ምርመራው አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ሐኪሙ የሚፈልገው የጠጠረ ጉብታ ነው። የተደገመው ውጤት ካልወረደ፣ ከናሙናው በፊት ኤምአርአይ የሚገኝበትን ጠይቁ። የእኔ መርፌ የገባው ኤምአርአይ ወዳሳየው ቦታ ተመርቶ ነው። ካንሰር ተገኘብኝ፤ የካንሰሩን ክፋት የሚለካው ግሊሰን የሚባለው ነጥብ 6፣ ዝቅተኛው ደረጃ። ቀዶ ሕክምናም ጨረርም አልወሰድኩም። በየስድስት ወሩ ፒኤስኤ እሰጣለሁ፤ ኤምአርአዩም ናሙናውም በየጊዜው ይደገማል። ዘመዶቼ «ካንሰር ይዘህ ዝም ትላለህ?» ይሉኛል። ዝም አላልኩም፤ ክትትል ላይ ነኝ! በ2023 ይፋ የሆነው የብሪታንያው ፕሮቴክት ጥናት ካንሰሩ ከፕሮስቴት ያልወጣባቸውን ከ1,600 በላይ ወንዶች ለ15 ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ በክትትል የቆየውም፣ ቀዶ የተደረገለትም፣ ጨረር የወሰደውም፣ በዚሁ ካንሰር የሞተው ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። እርግጥ በክትትሉ ቡድን በሽታው የተሠራጨባቸው በርከት ይሉ ነበር፤ ስለዚህ ቀጠሮ ማሳለፍ አያዋጣም። ግሊሰኑ ከፍ ያለ ሰው ግን የእኔን መንገድ አይከተል።

የመምህሩ ልጅ፦
እግዚአብሔር ያክብርልን። የሚወስዱት ሽንት እንዲወርድ የሚረዳውን ታምሱሎሲን ብቻ ነው፤ የአጥንት ሕመምም የለባቸውም። መልሳችሁን አነበብኩላቸው። «ያው ሐኪም ከሆነ እሺ፣ አንቺ ግን ውጭ ትጠብቂያለሽ» ብለዋል። ሐሙስ እንሄዳለን፤ ደሙን ቱቦው ከወጣ በኋላ እናስደግማለን።