ከወህኒ የወጣ ሰው የመጀመሪያዋን ሌሊት የት ይደር? (ክርክር)

የሸዋ በሩ፦
ጀመዓው ሰላም ናችሁ? አንድ ነገር ላንሳ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ተከራከሩ። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ደሴ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ እየጠጣሁ አንድ ሰው መጥቶ "ስልክ አስደውለኝ" አለኝ። ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በሲባጎ አስሮታል፣ ሌላው ዕቃው ፌስታል ውስጥ ነው። ቁጥሩ የተጻፈባት ወረቀት መታጠፊያዋ ላይ ተፍቃለች፤ አንዱ አሃዝ ሦስት ይሁን ስምንት አይለይም። ሁለቱንም ሞከርን። አንዱ አይሠራም። በሌላው አንዲት ሴት አነሳችና ተሳስታችኋል ብላ ዘጋችው። ሰውየው ዘጠኝ ዓመት ታስሮ የዚያን ቀን ጠዋት ነው የተፈታው። "ወዴት ልትሄድ ነው?" ስለው "እሱን እኮ ነው የማስበው" አለኝ።
እና ጥያቄዬ፦ ውጭ አገር እንዳለው፣ ተፈቺዎች ለጥቂት ወራት እያደሩ ሥራ የሚፈልጉበት ቤት ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ቢከፈት ትደግፋላችሁ? እናንተ ሰፈር ቢሆንስ?

ቧንቧ ውሃ፦
አልደግፍም። እኔ ሰፈርማ ጭራሽ! በ2014ቱ ጦርነት ሱቁ የተዘረፈ ሰው እስካሁን አልቆመም። ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ በየቤቱ ሞልቷል። ለነሱ ያልተገኘ ቤት ለገደለና ለሰረቀ ይገኛል? ቤት የፈለገ ወንጀል ይሥራ በሉና!

የሐይቅ ልጅ (ከአሜሪካ)፦
ወንድም ቧንቧ ውሃ፣ አብሽር፣ ቀስ በል። እኔ እዚህ እንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት የማታ ፈረቃ ሠርቻለሁ። ስጦታ አይደለም። የፌዴራል ፍርደኛ ከሆነ ሰውየው እዚያም ሆኖ ገና እስረኛ ነው፤ የፍርዱን የመጨረሻ ወራት ነው እዚያ የሚጨርሰው። ጠዋት ፈርሞ ወደ ሥራ ይወጣል፣ ማታ ፈርሞ ይገባል፣ ትንፋሹ ይለካል፣ ሽንቱ ይመረመራል። ሃያ ደቂቃ ካረፈደ ስልክ የምመታው እኔ ነበርኩ። በኔ ጊዜ ከደመወዙ ግብር ሳይቆረጥ ሩቡን ለቤቱ ይከፍል ነበር።
ችግርም አለው፣ አልዋሽም። ብዙዎቹን የሚያስተዳድሩት ከመንግሥት ኮንትራት የያዙ ድርጅቶች ናቸው፤ አንዳንዱ አልጋው ይሙላለት እንጂ ሰውየው ሥራ አገኘ አላገኘ ግዱ አይደለም።
ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረ ዴላንሲ ስትሪት የሚባል አለ። የሚገባው ሰው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሊቆይ ይስማማል። ነዋሪዎቹ ራሳቸው እንደ ዕቃ ማጓጓዣ ያለ ሥራ ያካሂዳሉ፣ ቤቱም ከዚያ ይተዳደራል። ቀድሞ የገባው አዲሱን ያሠለጥናል። ቤት ሰብሮ ይሰርቅ የነበረ ሰው የሰው ሶፋና ቴሌቪዥን ተሸክሞ ሲያጓጉዝ አስቡት፤ ሰዉም አምኖ ይጠራቸዋል።

ቧንቧ ውሃ፦
እዚያ ሥራ አለ። እዚህ ምን አለ?

የቦርከናዋ፦
ሥራው ቢኖርስ ተያዥ ማን ይሆነዋል? እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሰው ኃይል ነኝ። አዲስ ገቢ ሲመጣ ሦስት ነገር እንጠይቃለን፦ የቀበሌ መታወቂያ፣ ከወንጀል ነፃ የሚል የፖሊስ ማስረጃ፣ ደመወዝተኛ ተያዥ። ተፈቺ ሦስቱም የለውም። መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ፣ ለአድራሻ ኪራይ፣ ለኪራይ ሥራ። ዙሪያ ጥምጥም ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ ብዙ ተስፋ አድርገን ነበር፤ በ2014 ጦርነቱም መጣ፣ የአጎዋ (ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድል) በርም ተዘጋብን፣ ንጹሑም ሰው ከሥራ ወጣ። ስለዚህ ቤቱ ሌላው ቢቀር አድራሻ ይሰጠዋል። እኔ በዚህ በኩል እደግፋለሁ።

አንዲት እህት፦
ሁላችሁም ስለ ተፈቺው ታወራላችሁ። የኔን ወንድም የገደለው ሰው በአመክሮ ወጣ። ማንም አልነገረንም። እናቴ ገበያ ላይ ጨው ስታስመዝን ፊት ለፊት አየችው። ዘንቢሏን እዚያው ጥላ መጣች። ከዚያ ወዲህ ገበያ የምወጣው እኔ ነኝ።
ሕጉን አታውቂም እንዳትሉኝ። ሁለት ሦስተኛውን ከጨረሰ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት ከሞላው ይላል። ግን ያው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 ጉዳቱን በተቻለው መጠን መካሱንም ይጠይቃል። እኛ ጋ ማን መጣ? ቤት ሥሩለት፣ አልቃወምም። ግን እናቴ ከምትሄድበት ገበያ አርቁት።

አያ መምህር፦
ልጄ፣ አላህ እናትሽን ያበርታ። አንቺ ያልሽው ላይ ነው ነገሩ ያለው። እኛ ወሎ ውስጥ ደም ያለበት ሰው ፍርዱን ቢጨርስም አልጨረሰም። የሟች ወገን እያለ በዚያ መንገድ አይሄድም፣ በዚያ ገበያ አይውልም። ለዚህ ነው አበጋር፣ ደም የሚያስታርቀው ሽማግሌ፣ ያለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አምኖ ይቀመጥለታል። የገዳዩ ዘመድ ሽማግሌ ይልካል፣ የሟች ወገን እምቢ ይላል፣ ደግሞ ይላካል። ካሳው ተቆርጦ፣ መሐላው በሕዝብ ፊት ተፈጽሞ ነው ደሙ የሚደርቀው። እስከዚያ ሰውየው የት ይሁን? መንደሩ ቢገባ ወይ ይገደላል ወይ ደግሞ ይገድላል። አሜሪካ ቤቱ ሥራ መፈለጊያ ነው አላችሁ፤ እኛ ዘንድ ሽማግሌ እስኪመላለስ መቆያ ይሆናል። ቤት ከተከፈተ በሩ ላይ ዘበኛ ብቻ ሳይሆን ሽማግሌም ይቀመጥ።

የሸዋ በሩ፦
አያ፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል እርቁ?

አያ መምህር፦
አንዳንዱ ሦስት ወር፣ አንዳንዱ ሦስት ዓመት። አንድ ቤት ሰባት ጊዜ ሄደን ሰባቱንም ጊዜ ቡና ሳይፈላልን ተመለስን። በስምንተኛው የሟች እናት ምንም ሳትናገር ተነሥታ ጀበናውን ጣደችው። ሽማግሌው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

አናጢው፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ተፈቺ ነኝ፣ ከወጣሁ ሰባት ወሬ ነው። በስርቆት ነው የገባሁት፣ ደም የለብኝም። የመጀመሪያዎቹን 11 ሌሊቶች መስጊድ በረንዳ ላይ ነው ያደርኩት። ማንም አላባረረኝም፣ እንቅልፍ ግን የለም። ሌሊት 11 ሰዓት ሲሆን ብድግ እላለሁ፣ ለቆጠራ። አሁንም እነሣለሁ።
ግን አንድ ግቢ ውስጥ ሃምሳ ተፈቺ ማከማቸቱን እኔም አልወደውም። ወህኒው ነው ተመልሶ የሚመጣው፤ ያው ካቦ፣ ያው ቡድን፣ ያው ወሬ። የሰፈሩም ሰው "የሌቦች ግቢ" ብሎ ስም ያወጣለታል፣ ከዚያ አድራሻው ራሱ ጣጣ ነው። ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ክፍል፣ በተለያየ ሰፈር፣ እድሩ ወይ መስጊዱ ወይ ቤተ ክርስቲያኑ ተያዥ ሆኖ ቢከራይልን ይሻላል። ውስጥ እንጨት ሥራ ተምሬያለሁ፤ በር እሠራለሁ፣ ቁም ሳጥን እሠራለሁ። ስወጣ ሙያው አብሮኝ ወጣ፣ መሣሪያው እዚያው ቀረ። አሁን በቀን ስሚንቶ ነው የምሸከመው።

የቦርከናዋ፦
እድር ተያዥ መሆኑን እኛ ፋብሪካ አይቀበልም እኮ። ደመወዙ የሚቆረጥ ሰው ነው የሚፈልጉት።

አናጢው፦
እሱማ ልክ ነሽ። ለዚህ ነው ስሚንቶው።

ቧንቧ ውሃ፦
እኔ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ቤቱ ሰፈሬ አይሠራም፣ ለማንም ተያዥ አልሆንም፣ አንድ ጊዜ ሆኜ የሁለት ዓመት ደመወዜን በልቶኛል፤ እሱ ደግሞ አልታሰረም ነበር፣ የአክስቴ ልጅ ነው። ግን አባቴ አናጢ ነበር። መላጊያውና መጋዙ ቆጥ ላይ አቧራ እየጠጡ ነው። አናጢው፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

አናጢው፦
መላጊያው ምላጭ አለው?