የአሜሪካ ፓተንት ፈተና፦ ኬሚስትሪ ያጠና ሰው ከየት ይጀምር?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ዲግሪዬ ኬሚስትሪ ነው፣ ሕግ አልተማርኩም። የአሜሪካ ፓተንት (የፈጠራ መብት) ቢሮ የምዝገባ ፈተና ላይ ልቀመጥ አስቤያለሁ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪዬን ልከልስ ወይስ ሕጉ ላይ ብቻ ላተኩር? ያለ ሕግ ዲግሪስ ይቻላል?

መልስ 1
ወንድሜ፣ የኬሚስትሪ መጽሐፉን ከነአቧራው ተወው። ፈተናው ለኬሚስቱም ለኤሌክትሪክ መሐንዲሱም አንድ ነው፤ ዲግሪህ የሚጠቅምህ ለመፈተን ስታመለክት ነው። የሕግ ዲግሪ አያስፈልግም፣ ግን የምትመዘገበው «ፓተንት ኤጀንት» (ፈጣሪዎችን ወክሎ ቢሮው ዘንድ የሚያመለክት) ተብለህ ነው። «አተርኒ» የሚባለው ጠበቃ የሆነው ነው።

100 የምርጫ ጥያቄ አለ፤ በሁለት ክፍል 50፣ 50፣ ለእያንዳንዱ ክፍል 3 ሰዓት። 10ሩ የሙከራ ጥያቄዎች ስለሆኑ አይታረሙም፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይነገርህም። ከ90ው 63 ማግኘት አለብህ። ኤምፔፕ የሚባለው የቢሮው መመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ አለልህ፤ ሆኖም በሺዎች የሚቆጠር ገጽ ነው። የቱ ምዕራፍ ምን እንደያዘ ሳታውቅ ከገባህ ፍለጋው ሰዓትህን ይበላዋል። ከምዕራፍ 2100 እና 700 ጀምር።

መልስ 2
ኬሚስት የሚወድቅበትን ልጨምር፤ ጥያቄውን በላብራቶሪ ዓይን ያነበዋል። ለምሳሌ ክሌሙ (አመልካቹ የእኔ ነው የሚለውን ፈጠራ ወሰን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር) ይህ ነው እንበል፦ ዝገት የሚቋቋም የታይታኒየም ቅይጥ፣ ኒኬል ከ0.6 እስከ 0.9 በመቶ፣ ሞሊብዲነም ከ0.2 እስከ 0.4 በመቶ። ቀድሞ የታተመ ጽሑፍ ደግሞ 0.75 ኒኬልና 0.25 ሞሊብዲነም ያለው አንድ ቅይጥ ጠቅሷል። ክሌሙ አለቀለት፤ በክልሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ከተገኘች አዲስነት የለም። «ጽሑፉ ስለ ዝገት አላነሳም» ቢሉም አያድንም። የኤምፔፕን ክፍል 2131.03 ደጋግመህ አንብብ።

ሌላው የማገናኛ ቃል ነው። ክሌሙ «ኮምፕራይዚንግ ሀ እና ለ» (ሀ እና ለን የያዘ) ካለ ሐ የተጨመረበት ድብልቅም ይሸፈናል። «ኮንሲስቲንግ ኦፍ» (ከእነዚህ ብቻ የተሠራ) ካለ ግን በሩ ዝግ ነው። «ኮንሲስቲንግ ኢሴንሻሊ ኦፍ» (በመሠረቱ ከእነዚህ የተሠራ) መሃል ላይ ነው፤ መሠረታዊ ባሕርዩን የማይለውጥ ጭማሪ ያስገባል። ፈታኞች ይቺን ይወዷታል።

መልስ 3
ቢሮው ይፋ ያደረጋቸው የድሮ ፈተናዎች 2003 ላይ ያበቃሉ። ለልምምድ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን በአዲስነት ጥያቄዎች ላይ የመልስ ቁልፉን አትመን። ከማርች 16 ቀን 2013 ጀምሮ ሕጉ ቀድሞ የፈጠረውን ትቶ ቀድሞ ያመለከተውን ይዟል። ስለዚህ ጥያቄ ስታነብ ዓይንህ መጀመሪያ የማመልከቻው ቀን ላይ ይረፍ። ከዚያ በፊት ለገባ ማመልከቻ የድሮው ሕግ አሁንም ይሠራል፤ ሁለቱንም ትፈተናለህ።